ካርታ አለኝ፤ ለምን መገንባት ተከለከልኩ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሐዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። አባቴ ያወረሱኝ ቦታ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አለው፤ ግብሩንም በየዓመቱ እከፍላለሁ። አሮጌውን ቤት አፍርሼ ባለ አንድ ፎቅ ለመሥራት ስጠይቅ ግን ቦታው በፕላን ለአረንጓዴ ልማት መመደቡ በቃል ተነገረኝ። ቦታዬ ተወሰደ ማለት ነውን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አልተወሰደም። ይሁን እንጂ ካርታው የሚያረጋግጠው ባለይዞታው እርስዎ መሆንዎን ሲሆን፣ በቦታው ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚወስነው የከተማው ፕላን ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መሠረት፣ መዋቅራዊ ፕላን ከተማው ወዴት እንደሚያድግ፣ ዋና ዋና መንገዶች፣ መኖሪያው፣ ኢንዱስትሪውና አረንጓዴው ቦታ የት እንደሚሆኑ ለ10 ዓመት ይወስናል፤ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ የሕንፃ ከፍታንና የመሳሰሉትን ይዘረዝራል። ስለዚህ «አረንጓዴ» የተባለው በየትኛው ፕላን እንደሆነና ፕላኑ መቼ እንደጸደቀ አስቀድመው ይጠይቁ። ደላላ በስልኩ የሚያሳየው የፕላን ቅጂ ማስረጃ አይሆንዎትም።

ከሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለ፣ በጥቁር ውሃ ወንዝና በጎርፍ የሚገባው ደለል እዚያው ይቀራል፤ ውሃው ከፍ በሚልባቸው ዓመታትም ወደ ዳርቻው ይገፋል። በዚህ ምክንያት ዳርቻውን ከግንባታ ነጻ ማድረግ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለይዞታው ግን መገንባት ተከልክሎ፣ ካሳም ሳይከፈለው ለዓመታት እንዲቆይ ማድረግ ተገቢ አይደለም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም፣ በላዩ የተሠራው ቤትና የተተከለው ዛፍ የእርስዎ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል።

ለአርክቴክት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት፣ በሕንፃ አዋጅ የተደነገገውን የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ያሰቡት ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚስማማ የሚሰጠውን ማረጋገጫ፣ ለማግኘት በጽሑፍ ያመልክቱ። ከተከለከሉም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ክልከላ ይዘው አቤት ለማለት ይቸገራሉና። ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት መቅረብ ስላለበት፣ ክለሳ መጀመሩን ሲሰሙም ከጎረቤቶችዎ ጋር በስብሰባው ይገኙ፤ ብዙው ነዋሪ አቤት የሚለው የማፍረሻው ምልክት በአጥሩ ላይ ከተቀባ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የአረንጓዴው ወሰን መስመር ይዞታዎን በሙሉ ላይሸፍነው ይችላል። ቀያሽ የካርታዎን ኮኦርዲኔት (የይዞታዎን ማዕዘኖች መገኛ የሚያሳዩትን ቁጥሮች) በጸደቀው ፕላን ላይ እንዲያስቀምጥልዎት ይጠይቁ፤ መስመሩ የጓሮውን ጥግ ብቻ የሚነካ ከሆነ፣ ቤቱ የሚያርፍበትን ስፍራ ወደ ፊት በማምጣት ማመልከቻዎን እንደገና ማቅረብ ይችላሉ።