ሮጠን የምንሰበስበው ብር የት ይገባል? የቅዳሜ ጠዋት ሯጮች ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አብረን የምንሮጥ የሰፈር ሰዎች ነን። እሑድ ያላደረግነው ለቅዳሴ ብለን ነው። ማክሰኞና ሐሙስንም ጨምረን አሥራ ሁለት ሳምንት እንለማመድና በመጨረሻው ቅዳሜ 10 ኪሎ ሜትር እንሮጣለን። እያንዳንዱ ሯጭ ከዘመድ፣ ከጎረቤት ብር ያሰባስባል፤ ብሩ ለካንሰር ምርምር ይውላል። አዲስ ዙር ልንጀምር ስለሆነ "ጥያቄ ያለው ወዲህ ይበል" ብዬ ነበር። ጎረፈ። ልምምዱን የማሠራው እኔ ነኝ፤ የብሩን ደብተር ከያዙት ሦስት ሰዎችም አንዱ ነኝ።

ጥያቄ፦ ሮጬ አላውቅም። 10 ኪሎ ሜትር ስትሉ ገና ሳስበው ደከመኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አይሮጥም። ሦስት ደቂቃ እርምጃ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ሃያ ደቂቃ ያህል። ከዚያ በየሳምንቱ ሶምሶማው ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። መለኪያችን ወሬ ነው። ከጎንህ ካለው ሰው ጋር እያወራህ መሮጥ ካቃተህ ፈጥነሃል፣ ቀንስ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከባሕር ዳር የሚመጣ ጎረምሳ እንኳ የመጀመሪያውን ቀን ያለከልካል።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው፣ ግፊትም አለብኝ። ትቀበሉኛላችሁ?

እንዴታ ጋሼ! ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ፤ ሐኪሙን "ልሮጥ ነው" ብለው ይንገሩት። የእርምጃ ቡድንም አለን፤ ብር የሚሰበሰበው በእርምጃም ነው። ደረትዎን ከጫነዎት ወይም ካዞረዎት እዚያው ይቁሙ፤ "ትንሽ ብቻ ቀረኝ" የለም።

ጥያቄ፦ ሰው ፊት ቆሞ ብር መጠየቅ ያሳፍረኛል። እንዴት ነው የምታደርጉት?

እኔም አፍሬ ነበር። ደብተሬን በብብቴ ይዤ የሰፈራችንን ባለሱቅ ሦስት ቀን ዞርኩት። በሦስተኛው ቀን ሳሙና ገዝቼ ልወጣ ስል እሱ ራሱ "ምንድን ነው እሱ?" አለኝ። ነገርኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና "በኪሎ ሜትር 20 ብር፤ ካቋረጥክ እስከሮጥክባት ብቻ ነው የምከፍለው" ብሎ ፈረመ። የሩጫው ቀን መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሁለቱን መቶ ብር አጣጥፎ ይዟል። "ትጨርሳለህ ብዬ መች አሰብኩ!" አለ፤ እንደ መናደድም ቃጣው።

ነገሩ ይኸው ነው። ልመና አይደለም፣ ውርርድ ይመስላል። ሰው ስምና መጠን ጽፎ ይፈርማል፤ ስትጨርስ ይከፍልሃል፤ ደረሰኝ ትቆርጥለታለህ። በቴሌብርም ይሆናል። ሂሳቡ እንደ እድራችን ነው፤ ያለ ሦስት ፊርማ አንድ ብር አይወጣም።

ጥያቄ፦ ታማሚው ለመሳፈሪያ እንኳ አጥቶ ምርምር ምን ያደርጋል? ለምን ለእሱ አትሰጡትም?

በዚህ ጥያቄ እኛም ተጨቃጭቀናል፣ ሁለት ሰዎችም ጥለውን ወጥተዋል። አልፈርድባቸውም። ከዚህ አዲስ አበባ ለጨረር ሕክምና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የተመላለሰ ዘመድ ያለው ሰው "ምርምር" ሲባል ቢናደድ እውነት አለው።

ግን የማኅፀን በር ካንሰርን እዩ። ከበሽታው ጀርባ ያለው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ መሆኑ የተደረሰበት በምርምር ነው፤ ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸልሟል። ከዚያ እውቀት ክትባት ተሠራ። ክትባቱም በ2011 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ዛሬ ትምህርት ቤት ክንዷን የምትወጋው የጎረቤታችን ልጅ የማታውቃቸው ሰዎች ላብራቶሪ ውስጥ ላፈሰሱት ጊዜ ዋጋውን እያገኘች ነው።

የእኛ ብር ቫይረስ አያገኝም፣ አንዋሽም። የሚውለው ለተራ ነገር ነው፦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካንሰር ለሚያጠኑ ልጆች የስልክ ካርድ፣ ገጠር ድረስ ሄደው ታማሚ የሚጠይቁበት ትራንስፖርት፣ ናሙና መላኪያ። ማን በምን ዓይነት ካንሰር፣ በስንት ዓመቱ፣ ምን ያህል ቆይቶ ሐኪም ቤት እንደመጣ ካልተመዘገበ የትኛው ወረዳ ምን እንደሚያስፈልገው በምን ይታወቃል? አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የከተማውን ሕዝብ የሚሸፍን የካንሰር መዝገብ አላት። ለታማሚው እድርም ዘመድም ይደርስለታል፤ ለመዝገብ የሚያዋጣ ግን አላየሁም።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ዙር ብር ባክኗል ይባላል።

ባክኗል። ከናቴራ አሳተምንበት። ቀለሙ በሁለተኛው እጥበት ለቀቀ፣ ብሩም ሄደ። ያኔ "ሰው እንዲያየን" ነበር ያልነው። አሁን የፈለገ የራሱን ቲሸርት ይልበስ።

ጥያቄ፦ ይሄ የፈረንጅ ነገር አይደለም?

አጀማመሩ አዎ። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩ ተቆርጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር ለካንሰር ምርምር ብር ለማሰባሰብ አገሩን አቋርጦ ሊሮጥ ተነሣ። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሄደ። ከዚህ አዲስ አበባ ወደ ዘጠኝ ጊዜ ደርሶ መልስ በሉት። ካንሰሩ ሳንባው ስለደረሰ አቆመ፤ በዓመቱ በ22 ዓመቱ አረፈ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ልጁ በደም ካንሰር የታመመችበት አባት 38 ሯጮች ይዞ ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ሮጠ። 322,000 ዶላር አመጡ። "ቲም ኢን ትሬኒንግ" የሚባለው ከዚያ ወጣ፤ እኛ ልናሠለጥንህ፣ አንተ ብር ሰብስብ ነው ውሉ። የእኛም እሱው ነው።

መሮጡን ግን ከማንም አልተዋስነውም መቼም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ታላቁ ሩጫን ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ሕዝብ በአንድ ላይ ሲሮጥ ማየት ለኛም አዲስ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሚሮጥ ሰው ካንሰር አይዘውም?

ይዘዋል። እንቅስቃሴ የጡትና የትልቁ አንጀት ካንሰርን የመሳሰሉትን ዕድል ይቀንሳል፣ ያ ተረጋግጧል። ዋስትና ግን አይደለም። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች "እኔ እኮ ስፖርተኛ ነኝ" ብላ እንዳትቆይ። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፤ ግን ሐኪሙን አታስቀሩት።

ጥያቄ፦ እህቴ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ናት፣ ልምጣ ትላለች።

ሐኪሟ ከፈቀደላት ትምጣ። ቀስ ያለ እርምጃ የኬሞውን ድካም ያቀልላቸዋል፤ አብሮን ከሄደ ሰውም ሰምቻለሁ። ደሟ ሲያንስ፣ ሲያተኩሳት ወይም በሽታው አጥንት ውስጥ ከገባ ግን ያለ ሐኪም ምክር እንዳትሞክር። ነጭ የደም ሕዋሷ ሲወርድ ሰው የበዛበት ቦታ ባትገባም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ምን በልተን እንምጣ? ፆም ላይስ?

በሶ። አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብርጭቆ በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ በቃ። ሌላ ዱቄት በቆርቆሮ አትግዙ። በሁዳዴ የማክሰኞና የሐሙሱን ልምምድ ፆም ከተፈታ በኋላ፣ ወደ ማታ 11 ሰዓት እናዞረዋለን። ዓርብ ማታ አረቄ የጠጣ ግን ቅዳሜ አይምጣ፤ እናውቀዋለን።

ጥያቄ፦ ለምን ዓባይ በረሃ ወርደን አንሮጥም? ብር በደንብ ይገኝ ነበር!

ከደጀን ድልድዩ ድረስ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ጉልበት ይፈጃል። ደግሞም መውጣት አለ። አይሆንም።

ጥያቄ፦ በቀሚስ መሮጥ ይቻላል?

ግማሾቹ እንዲያ ነው የሚሮጡት፤ ከሥሩ ሱሪ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ መቼ እንጀምራለን?

በመጪው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ስታዲየሙ በር ላይ። ከዚያ ቀድማችሁ በጨለማ አትውጡ። ጫማችሁ ሸራም ቢሆን ይሁን፣ እግር ካልቆነጠጠ ይበቃል። ባለሱቁም በዚህ ዙር እሮጣለሁ ብሏል። ደብተሩን ይዞ መጣ፤ በኪሎ ሜትር 20 ብር ብዬ ፈረምኩለት፣ እስከሮጠባት ብቻ።