«ለምን አትሸጪውም?»

አበሻ በተሰበሰበበት ቤት ኪሮሽ ይዛችሁ ቁጭ በሉና እዩ። መጀመሪያ «ውይ፣ እናቴ እኮ ትሠራ ነበር» ይሏችኋል። ቀጥሎ ሥራውን ከእጃችሁ ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉታል። ከዚያ የማይቀረው ይመጣል። «ለምን አትሸጪውም?»

እኔ ሜሪላንድ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ውስጥ አሥራ ምናምኑን ዓመት ኪሮሽና ጥልፍ ከእጄ አልተለየም። ጥያቄውን ለምጄዋለሁ። ጠያቂዎቹም ክፋት የላቸውም። እዚህ ስንኖር እያንዳንዷን ሰዓት በዶላር መመንዘር ልማድ ሆኖብን ነው። ኦቨርታይም ከተገኘ እንገባለን። ኦፍ ቀን ካለን ሌላ ሺፍት እናፈላልጋለን። ዝም ብሎ የሚሠራ ነገር ሲታይ ግራ ይገባናል።

ስለዚህ ምክሬን ከመጨረሻው ልጀምር። ኪሮሽ ጀምሩ፣ ጥልፍ ጀምሩ፣ ግን አትሽጡት። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። አንዴ የሕፃን ብርድ ልብስ ስሠራ ሰዓቱን በማስታወሻ ያዝኩ። 46 ሰዓት ፈጀብኝ። ክሩ 34 ዶላር ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ጉልበቴ ብቻ 690 ዶላር፣ ከነክሩ 724 ዶላር ማለት ነው። ይህንን ለሥራ ባልደረባዬ ብነግራት ከት ብላ ሳቀች። «አርባ ከሰጡሽ ተቀበዪ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ገበያው ያ ነው። ሹራብ በማሽን ይሠራል። የኪሮሽን አሠራር ግን እንደ እጅ አድርጎ የሚያወጣ የፋብሪካ ማሽን እስካሁን የለም። ሱቅ ውስጥ በ20 ዶላር የተሰቀለ የኪሮሽ ልብስ ካያችሁ፣ የሆነ አገር ያለች ሴት አጎንብሳ በእጇ ሠርታዋለች። ከእሷ ጋር በዋጋ ልትወዳደሩ ነው እንግዲህ። የሚሸጡ፣ የተሳካላቸው ጎበዞች አሉ፣ አልቃወማቸውም። እኔ የማወራው ግን ከሥራ መልስ አእምሮው ማረፊያ ስላጣ ሰው ነው።

እኔ ራሴ እንደዚያ ነበርኩ። ሆም ኬር፣ ማለትም ታካሚን ቤቱ ውስጥ መንከባከብ፣ የሌሊት ሺፍት እሠራ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ፣ እንቅልፍ የለም። ስልኬን እከፍታለሁ። የአገር ቤት ዜና፣ ከዚያ አስተያየቱ፣ ከዚያ የአስተያየቱ ስድብ። አራት ሰዓት ሲሆን ልቤ እየመታ ነው። አንድ ቀን አብሬያት የማድር አሮጊት ታካሚ የማትጨርሰውን ክርና አንድ ኪሮሽ ሰጠችኝ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ነገር ነው። ጣቴ አላስታውስ ብሎ ሁለት ቀን አስቸገረኝ፣ በሦስተኛው ገባልኝ። ሁለቱም እጅ ሲያዝ ስልክ መነካካት አይቻልም። ሌላ ምስጢር የለውም።

የእኛ ቤት እንዴት እንደነበር ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ሬዲዮው ልብስ አለው። ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው። ሶፋው በየመደገፊያው ዳንቴል ተነጥፎለታል፣ ቡፌው ላይ ሌላ ዳንቴል። ከእኛ ከልጆቹ ይልቅ ዕቃው ይለብስ ነበር ማለት ይቻላል። እናቶቻችን ያንን ሁሉ የሠሩት የሚሸጥ ነገር አስበው አይደለም። ሠፈር ቡና ተጠጥቶ፣ ወሬው እየሄደ፣ እጃቸው አብሮ ይሄድ ነበር።

ወንዶች እዚህ ጋ ገጹን አትዝጉ። «የሴት ሥራ» የሚባለው ነገር በእኛ አገር እንኳን አያስኬድም። ፈትሉን የምትፈትለው ሴት ናት፣ ሸማውን የሚሸምነው ግን ወንድ። የዶርዜን ሸማኔዎች አስቡ። ሽሮ ሜዳ ብትሄዱም የስፌት መኪና ላይ አቀርቅረው የሀበሻ ቀሚስ ሲጠልፉ የሚውሉ ወንዶች ታገኛላችሁ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ በጠባብ ክፍል ስምንት ሰዓት የሚቀመጥ ወንድሜ ሆይ፣ ካንተ የበለጠ ለዚህ የሚመች ሥራ ያለው ሰው አላውቅም።

ወደ አጀማመሩ ልምጣ። ኪሮሽ ለመጀመር ባለ 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ግዙ። አሜሪካ ከሆናችሁ «ኤች» የሚል ፊደል ይኖርበታል። ክሩ ላይ 4 ቁጥር የተጻፈበትን ምረጡ፣ መካከለኛ ውፍረት ማለት ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ይሁን። ጥቁር ክር አትንኩ! ቀዳዳው አይታይም፣ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ብርድ ልብስ ካሰባችሁ ደግሞ ጥቅሉን በሙሉ በአንድ ቀን ግዙ። መጠቅለያው ላይ የማቅለሚያ ቁጥር አለ፣ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን እዩ። በሌላ ወር የተገዛ ያው «ነጭ» ከፊተኛው ጋር ሲጋጠም ሌላ ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል።

የጀማሪ ትልቁ ችግር መቁጠር ነው። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ቀዳዳ ትደበቃለች። እሷን በየመስመሩ ስትዘልሉ ጨርቁ ሳይታወቃችሁ እየጠበበ ይሄዳል። የእኔ የመጀመሪያ ስካርፍ ሦስት ማዕዘን ሆነ። «አዲስ ፋሽን ነው» ብዬ ለበስኩት።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝምና እኔ ልንገራችሁ። በተለይ ዘመድ በየአገሩ ለተበተነብን ለእኛ ይጠቅማል። ለንደን ያለች የልጅነት ጓደኛዬና እኔ፣ መንታ ለወለደች ለሌላዋ ጓደኛችን አንድ ዓይነት ሁለት ብርድ ልብስ ልንሠራ ተስማማን። መመሪያውን እሷ ከለንደን ላከችልኝ። ያው ክር፣ ያው መርፌ፣ ያው የመስመር ብዛት። ሁለት ወር ሠራን። ፎቶ ስንለዋወጥ የእሷ የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። የእኔ ግን በስፋት ልክ ሆኖ በቁመት ወደ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው! ተጣላን ማለት ይቻላል። እኔ «አሳስተሽ ላክሽ»፣ እሷ «መቁጠር አትችዪም»።

ለካ ጥፋቱ የስም ነው። እንግሊዞቹ «ደብል ክሮሼ» የሚሉት አጭሩን አሠራር ነው። አሜሪካኖቹ ያንኑ «ሲንግል ክሮሼ» ይሉታል። አሜሪካኖቹ «ደብል» የሚሉት ረጅሙን ነው፣ እንግሊዞቹ ጋ «ትሬብል» ይባላል። እኔ የተማርኩት አሜሪካ ነው፣ የእንግሊዝ መመሪያ ይዤ ረጅሙን ስሠራ ከረምኩ። መለያው ቀላል ነው። መመሪያው ውስጥ «ሲንግል ክሮሼ» የሚል ቃል ካገኛችሁ የአሜሪካ ነው፣ በእንግሊዞቹ አጠራር ያ ቃል የለም። ከመጀመራችሁ በፊት እሱን ፈልጉ።

ለሕፃን የምትሠሩ ከሆነ ጣት የሚያስገባ ትልቅ ቀዳዳ ያለው ንድፍ ይቅርባችሁ። አሻንጉሊት ላይም ቁልፍ ዓይን አትስፉ፣ በክር ጥለፉት፣ ልጅ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። የበግ ሱፍ ለአራስ እናት አትስጡ። ሳታውቅ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በሙቅ ውኃ ከከተተችው ተኮማትሮ ይወጣል። በማሽን የሚታጠብ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ወይም ጥጥ ይበቃል።

ጥልፉ ሌላ ዓለም ነው። እኔ የምለው መስቀለኛ ጥልፉን ነው፣ ሁለት ትንንሽ መስመር ተሻግረው ኤክስ የሚሠሩበትን። ለዚህ የሚሆነው ጨርቅ አይዳ ይባላል፣ ቀዳዳው ተቆጥሮ የተሸመነ ነው። 14 ቁጥር የተጻፈበት ከሆነ በአንድ ኢንች 14 ካሬ አለው። ስለዚህ ንድፋችሁ 140 ካሬ ስፋት ካለው ሥራው 10 ኢንች ይሆናል። ለክፈፍ በየጎኑ 3 ኢንች ጨምራችሁ 16 ቁረጡ። ክሩ ስድስት ዘለላ ተጣምሮ ነው የሚሸጠው። ሁለቱን ብቻ መዛችሁ አውጡ። ርዝመቱን በሜትር አትለኩ፣ ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ፣ አንድ ክንድ በቂ ነው። ከዚያ ከበለጠ ይተበተባል። ከሥር ቋጠሮ አትቋጥሩ፣ ጫፉን በጀርባ በኩል ይዛችሁ በስፌቱ አስገቡት። ከላይ የሚያልፈው መስመር በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዘንብል። ይህችን ብቻ ከጠበቃችሁ ከሩቅ ሲታይ የባለሙያ ሥራ ይመስላል።

የክሩ ቀለም በቁጥር መሆኑ ደስ ይለኛል። ዲኤምሲ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከ1746 ጀምሮ ያለ ነው፣ ወደ 500 የሚጠጋ ቀለም አለው። 310 ጥቁር ነው፣ ሮምም ቴል አቪቭም ሚኒሶታም። እህታችሁ ስቶክሆልም ሆና እናንተ ዴንቨር ሆናችሁ አንድ ሥራ በአንድ ቀለም መሥራት ትችላላችሁ። ከኪሮሹ በተሻለ ሁኔታ ማለቴ ነው።

እኔ አሁን የያዘኝ ፊደል ነው። ሱቅ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ንድፍ ሞልቷል፣ የእኛ ግን የለም። ስለዚህ ባለ ካሬ ደብተር ገዝቼ ራሴ መሣል ጀመርኩ። «በ»ን መሣል ቀላል ነው፣ ሁለት እግርና ጣራ። ፈተናው ኃምሱ ላይ መጣ። «ቤ» እግሯ ላይ ቀለበት አላት። መጀመሪያ ቀለበቱን ሁለት በሁለት ካሬ አደረግኩት፣ ጥርቅም ያለ ነጠብጣብ ሆነ፣ ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። ፈታሁት። ቀለበት እንዲመስል ቢያንስ ሦስት በሦስት ሆኖ መሐሉ ባዶ መሆን አለበት። ያንን ሳገኝ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። አንዱ ፊደል ከነክፍተቱ 14 ካሬ እንዲሆን አድርጌ ሣልኩት፣ ያ በ14 ቁጥር ጨርቅ ላይ ልክ አንድ ኢንች ነው። ሙሉው ገበታ 33 ረድፍ በ7 ነው። ጎኑ 7 ኢንች፣ ቁመቱ 33 ኢንች፣ ጠባብና ረጅም ነገር ይወጣዋል። ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ «ነ» ላይ ደርሻለሁ። ለእናንተ ግን በልጃችሁ ስም ጀምሩ። ሦስት አራት ፊደል ነው፣ በአንድ ወር ታልቃለች። ልጁም አማርኛ ትምህርት ቤት ከሚማረው በላይ የራሱን ስም ያውቃታል።

አራስ ልጇን ልትንከባከብ ከአገር ቤት የመጣች እናት ካለች ደግሞ እባካችሁ ክር ግዙላት። ስድስት ወር ቪዛ፣ ውጭ በረዶ፣ ቋንቋ የለ፣ ልጅ ሥራ ውሎ ይመጣል። የእኔ እናት ስትመጣ ያንን 4 ቁጥር ክር ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችውና «ይኼ የከብት ማሰሪያ ነው» አለችኝ። ቀጭን 10 ቁጥር የዳንቴል ክርና አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነ የብረት ኪሮሽ ፈልጌ አመጣሁ። መመሪያ አታነብም፣ ፎቶውን አይታ በጣቷ ቆጥራ ትሠራለች። ከመሄዷ በፊት ማይክሮዌቩ ልብስ ነበረው።

ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ሪያድ በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼ አንድ ነገር ልበል። ያ ቀጭን ክርና ኪሮሽ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ብዙ አያስወጣም፣ ጥጥ ስለሆነ ለሙቀቱም ይስማማል። ግን ሰው ሲያይ አትሥሩት። እመቤቲቱ ካየችው «ለእኔም ሥሪልኝ» ማለቷ አይቀርም፣ ከዚያ በኋላ ሌላ የሥራ ሰዓት ነው የሚሆንባችሁ።

ስለ ዓይንና ስለ እጅ ብዙ አልልም። ከአርባ ዓመት በላይ ከሆናችሁ ካሬው ደቃቅ የሆነውን 18 ቁጥር ጨርቅ አትንኩ፣ ጥሩ መብራት ግዙ። ግማሽ ሰዓት ስትሠሩ እጃችሁን አፍታቱ። የእጄ አንጓ አንድ ክረምት ሙሉ ያሠቃየኝ ይህንን ባለማወቄ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትበሩም ይዛችሁ ግቡ፣ የአሜሪካ ፍተሻ ኪሮሽን አይከለክልም። ሲመለሱ ግን አየር መንገዱን መጠየቅ ይሻላል።

ብቻውን የሚከብደው ሰው ደግሞ አቅራቢያው ያለውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቅ። ብዙዎቹ በሳምንት አንድ ቀን የሚሰበሰብ የክር ቡድን አላቸው፣ ነፃ ነው። እንግሊዝኛዬ የተፈታው እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰው ዓይን ዓይንህን እያየ ሲጠይቅህ የምትሸማቀቀውን ያህል፣ ሁሉም ወደ እጁ አቀርቅሮ ሲያወራ አትሸማቀቅም።

መንታዎቹ አሁን ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የለንደኑ ብርድ ልብስ ካጠራቸው ቆየ፣ ድመቷ ትተኛበታለች። የእኔን ያንን ረጅሙን ግን እስካሁን ይጣሉበታል።