ጥያቄና መልስ፦ በባህር ዳርቻ የሚነግዱ ትንንሽ ሻጮችን ማሠልጠን

ጥያቄ፦ ለቱሪስት ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ ሴቶችን ልናሠለጥን ነው። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከበረዶው። እጅ መታጠብን ሁሉም ያስተምራል፤ በረዶውን ግን ይረሱታል። ቱናና ማካሬልን የመሰሉ ዓሦች ሙቀት ላይ ከቆዩ ባክቴሪያ ሂስታሚን የሚባል ጎጂ ነገር ያመርትባቸዋል። መልኩም ሽታውም ላይለወጥ ይችላል፤ እሳትም አያጠፋውም። የበላው ሰው ብዙ ሳይቆይ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል። ሻጯ «በደንብ ጠብሼዋለሁ» ብትል እውነቷን ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ዓሣው ከጀልባ ከወረደበት ደቂቃ ይጀምር። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ጋሪው ድረስ ሂዱ። አንዷን ሻጭ ራሷ እንድትለካ ሰጠኋት፤ ከላይ ያለው ዓሣ 19 ዲግሪ፣ በረዶው ውስጥ የተቀበረው 3። ምንም ሳልናገር ዓሣውን አውጥታ በረዶና ዓሣ እያፈራረቀች መደርደር ጀመረች። ጥሬው ከ5 ዲግሪ በታች፣ የበሰለው ከ60 በላይ ይቀመጥ፤ በመሃሉ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ የበሰለ ምግብ ይጣላል።

ጥያቄ፦ አዳራሽ ተከራይተን 3 ቀን ብናሠለጥንስ?

መልስ፦ የ3 ቀን ገቢያቸውን ማን ይተካል? ቱሪስት ከመግባቱ በፊት፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ እዚያው መሸጫቸው ላይ።

አንድ አባል፦ ለእኔ ቋንቋ ይቅደም። ካልተግባቡ ምን ይሸጣሉ?

ሌላ አባል፦ ዋጋ ጽፎ መለጠፍ ይበቃል።

አንድ አባል፦ የተለጠፈ ዋጋ እኮ ድርድር ያስቀራል!

ሌላ አባል፦ ይቅር! ዋጋው ካልተለጠፈ ሳይጠይቅ የሚያልፈው ቱሪስት ይበዛል።

መልስ፦ ዋጋ ይለጠፍ። ወደ ሥልጠናው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ከኤሊ ቅርፊት ጌጥ የሚሠሩም አሉ።

መልስ፦ ሌላ ሥራ አስተምሯቸው። የባህር ኤሊዎች በሙሉ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1973ቱ የሳይትስ ስምምነት አንደኛ (በጣም ጥብቅ) ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ጌጡ ገዢው ድንበር ሲሻገር ሊወረስበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ብድርስ?

መልስ፦ የእኔ ሙያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዓሣው በደንብ ከተጠበሰ ግን ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው! ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ሂስታሚን በእሳት አይጠፋም። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሥልጠናው ውጤታማ እንዲሆን ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ ስንት ሻጭ? ምን የሚሸጥ? ውሃ ከየት የሚቀዳ? ይህን ሳትነግሩኝ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ ዓሣ የተቀመጠበትን በረዶ አጥበው መጠጥ ውስጥ የሚጨምሩ አይተናል።

መልስ፦ በፍጹም አይቻልም! ቅዝቃዜ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ሁለት ሳጥን፣ የተለያየ ቀለም፣ ለየብቻው መጨለፊያ። የመጠጡ በረዶ ከሚጠጣ ውሃ የተሠራ ይሁን፤ የዓሣው ሳጥን ደግሞ ማታ ማታ ተደፍቶ ይታጠብ።