የልጄ ትምህርት ቤት ይዘጋል ላልሽው (ሲያትል)

እህቴ፣ «ትምህርት ቤቱ ይዘጋል የሚል ወሬ ሰማሁ፤ ከአሁኑ ሰፈር ልቀይር ወይ?» ብለሻል። እባክሽ አትቸኩዪ። በ2024 የሆነውን አስታውሺ። መጀመሪያ 20 ያህል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ነው ተባለ። ወላጅ ተነሳ። ኦክቶበር ላይ ቁጥሩ ወደ 4 ወረደ፣ ኖቬምበር ላይ ጭራሽ ቀረ። ለመዝጋት ያሳሰባቸው የሲያትል ትምህርት ቤቶች የበጀት ጉድለት ግን አብሮ አልቀረም፤ ስለዚህ ወሬውን ንቀሽም አትተዪው።

በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ለእያንዳንዱ ለብቻው የሕዝብ ስብሰባ መጠራት አለበት። እዚያ ሂጂ። የአማርኛ አስተርጓሚ ቀደም ብለሽ ጠይቂ፤ በነጻ ነው፣ መብትሽም ነው። ልጅሽን ግን አስተርጓሚ አታድርጊው። የሚዘጋው የእሱ ትምህርት ቤት ነው፣ ሸክሙ ይበዛበታል።

ስትናገሪ «አትዝጉብን» ብቻ ብለሽ አትቀመጪ። ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂ፦ የትኛው ሰፈር የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመደብ በሚያሳየው አዲስ ካርታ የእኔ አድራሻ የት ይወድቃል? አውቶቡስ ቤት ድረስ ይመጣል ወይስ ልጁ ትልቁን መንገድ በእግሩ ሊያቋርጥ ነው? ታላቅና ታናሽ አንድ ቦታ ይመደባሉ? በጠዋት ሥራ የምትገባ እናት ልጇን ማን ጋ ታቆየው? መልሱን በኢሜይል ጠይቂያቸው፣ በጽሑፍ ይሁን።