ፋይሉ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ለምን ያድጋል?

ከድሬዳዋ የጻፉልኝ አንባቢ ለሊኑክስ በሲ ቋንቋ የሠሩትን ትንሽ ቴክስት ኤዲተር (ጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ፕሮግራም)፣ እዚያው ከተማ ታይዋን በሚባለው ገበያ ላለው የወንድማቸው ሱቅ እንዲያገለግል ወደ ዊንዶውስ እያዛወሩት ነው። ኪቦርዱም ስክሪኑም በደንብ ሠርቶላቸዋል፤ ነገር ግን 200 መስመር ያለው የዕቃ ዝርዝር ሴቭ በተደረገ ቁጥር በ200 ባይት ይጨምራል። «አንዳንድ ፋይል መሐል ላይ ተቆርጦ ስለሚከፈት ማንበቢያውን ባይቶቹን እንዳሉ ወደሚያነበው የባይነሪ ሞድ፣ ወደ ‹አርቢ›፣ ቀየርኩት፤ መጻፊያውን አልነካሁትም» ይላሉ።

ችግሩ ያለው በዚያ ባልነኩት በኩል ነው። ዩኒክስ መስመርን የሚዘጋው ቁጥሩ 10 በሆነ አንድ ባይት ሲሆን፣ ዊንዶውስ ግን ከቀዳሚው ከዶስ በወረሰው ልማድ ቁጥራቸው 13ና 10 የሆኑ ሁለት ባይቶችን አከታትሎ ያስቀምጣል። በዊንዶውስ ያለው የሲ ላይብረሪ (የቋንቋው ዝግጁ ትእዛዞች ስብስብ) ፋይልን በቴክስት ሞድ ሲከፍት ልዩነቱን ራሱ ይሸፍነዋል፤ ሲያነብ 13ን ይጥላል፣ ሲጽፍ መልሶ ይጨምራል። እርስዎ ማንበቢያውን ባይነሪ አድርገው መጻፊያውን በቴክስት ሞድ ስለተዉት፣ የሚጥለው ቀርቶ የሚጨምረው ብቻ ሥራውን ቀጠለ።

እዚህ ሐረር «ድሬዳዋ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ባለው ፋይል ሞከርኩት። እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ሦስት ባይት ስለሚይዝ አራቱ ፊደላት 12፣ መስመሩን ከሚዘጋው ከአንዱ ባይት (ከ10) ጋር በድምሩ 13 ባይት ናቸው። ከፍቼ ሴቭ ሳደርገው 14፣ ደግሜ ከፍቼ ሴቭ ሳደርገው 15 ሆነ።

ስለዚህ መጻፊያውንም ባይነሪ፣ ማለትም «ደብልዩቢ»፣ ያድርጉት። ፋይሉ ሲከፈት በየመስመሩ መጨረሻ የተደረደሩትን 13ቶች በሙሉ ያንሱ፤ ፋይሉ በየትኛው አዘጋግ እንደመጣ ግን በማስታወሻ ይያዙና ሲጽፉ በዚያው ይመልሱት። ማንበቢያውን ወደ ቴክስት ሞድ እንዳይመልሱት አደራ እላለሁ፤ በዚያ ሞድ 26 ቁጥር ባይት የፋይል ማብቂያ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ መሐል ላይ ይቆርጥብዎት የነበረው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ካነሱት ጥያቄ ይልቅ ያሳሰበኝ የላኩት ኮድ ሴቭ የሚያደርግበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል መጻፍዎ ትክክል ነው፤ ሆኖም የፋይል ስም የሚቀይረው «ሪኔም» በዊንዶውስ ነባር ፋይል ላይ አልተካም ስላለዎት፣ አሮጌውን አስቀድመው የሚያጠፋ መስመር ጨምረዋል። በሁለቱ መካከል መብራት ቢሄድ ሱቁ በስሙ የሚያውቀው ዝርዝር አይኖርም። ይህን መስመር ዛሬውኑ ያውጡትና ነባሩን እንዲተካ ታዝዞ የሚሠራውን የዊንዶውስ ትእዛዝ፣ «ሙቭፋይልኤክስ»ን፣ ይጠቀሙ፤ ከመጥራትዎ በፊት ሁለቱም ፋይሎች መዘጋታቸውን ያረጋግጡ፣ ዊንዶውስ ክፍት ፋይልን ለመተካት ብዙ ጊዜ አይፈቅድምና።

የፋይሉ ስም በአማርኛ ከሆነ ደግሞ በተለመደው የሲ ፋይል መክፈቻ በ«ኤፍኦፕን» ፈንታ እንዲህ ያለውን ስም በሚቀበለው በ«ደብልዩኤፍኦፕን» ይክፈቱት።