እያደነቃችሁ መናደድ ትችላላችሁ

ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ «ዓለም ያደነቀውን መጽሐፍ አንብቤ ተረበሽኩ፤ ችግሩ የኔ ይሆን?» ትላላችሁ። ብዙ ዘመኔን የሰው ድርሰት ሳርም ነው የኖርኩት። እኔን ራሴን እስከ ዛሬ የሚያሟግተኝን አንድ መጽሐፍ ላንሳ።

የደቡብ አፍሪካዊው የጄ. ኤም. ኩትሲ «ውርደት» (Disgrace) የተባለው ልቦለድ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝኛ ልቦለድ የሚሰጠውን የቡከር ሽልማት አገኘ። ኩትሲ በ1983ም አሸንፎ ስለነበር ሽልማቱን ሁለቴ የወሰደ የመጀመሪያው ደራሲ ሆነ። በ2003 ኖቤል ተጨመረለት። ክብሩ ግን ንባቡን አያቀልም።

ዴቪድ ሉሪ ኬፕታውን የሚያስተምር የ52 ዓመት ሰው ነው። ሜላኒ የምትባል ተማሪውን ይጠጋል። አንድ ቀን ቤቷ ድረስ ሄዶ፣ እንደማትፈልገው እያየ ይተኛታል። ለራሱ ግን «መድፈር እንኳ አይባልም» ዓይነት ማስተባበያ ይሰጣል። ነገሩ ሲወጣ ጥፋቱን ያምናል፤ ጸጸትህን አሳይ ሲባል ግን አሻፈረኝ ይላል። ሥራውን አጥቶ ምሥራቅ ኬፕ ገጠር ወደምትኖረው ልጁ ወደ ሉሲ ይሄዳል። እዚያ ሦስት ሰዎች ቤት ይገባሉ። እሱን በእሳት ይለበልቡታል፤ ሉሲን ይደፍሯታል። ሉሲ ዝርፊያውን ለፖሊስ ታመለክታለች፤ መደፈሯን ግን አትናገርም። አባትየው «ለምን?» እያለ ይጨቀጭቃታል።

ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ሁሉን የምናየው በሉሪ ዓይን ብቻ ነው። ለልጁ የሚንገበገበው አባት፣ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ያንን ያደረገው መምህር ነው። ደራሲው ጣልቃ ገብቶ «አያችሁ?» አይለንም። ሁለቱን አገናኝቶ መፍረድ የአንባቢ ዕዳ ነው። እንዲህ ራሱን የሚገታ ጸሐፊ ብዙ አላጋጠመኝም።

የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሜላኒ ምን እንደተሰማት ከራሷ አፍ አንሰማም። የሉሲ ጥቁር ጎረቤት ፔትረስም እስከ መጨረሻው ከውጭ የሚታይ ሰው ነው። ሉሪ የሞቱ ውሾችን በክብር ሲሸኝ ሆዴ ይባባል። ወዲያው ደግሞ «ለሜላኒስ ይህ ርኅራኄ የት ነበር?» እላለሁ።

ያገሩ ሰውም ተከራክሮበታል። የያኔው ገዥ ፓርቲ ኤ.ኤን.ሲ. በ2000 ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ባቀረበው ጽሑፍ፣ መጽሐፉን ነጮች ስለ ጥቁሮች ላላቸው አመለካከት ማሳያ አድርጎ ጠቅሶታል። አፓርታይድ ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ ሉሪ የሚያየውን ሁሉ ኩትሲ ያምንበታል ማለት አይደለምና። ግን ቅሬታው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም።

ስለዚህ «ግሩም ነው» ወይም «አስጠላኝ» ለማለት አትጣደፉ። የከበዳችሁን ገጽ ፈልጋችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። የከበዳችሁ ድርጊቱ ነው ወይስ አነጋገሩ? ወይስ ደራሲው ሳይናገር የዘለለው? የኔ ቅሬታ የመጨረሻው ነው። ይህን ለይቼ ሳውቅ መጽሐፉን መውደዴም ቅሬታዬም አልቀነሰም። ግን ከሰው ጋር ስከራከር የምይዘው ነገር አገኘሁ። «ተሸልሟል እኮ!» የሚለኝንም «ገጽ ስንት ላይ?» እለዋለሁ።

እንዲህ ያለ በደል የደረሰባችሁ ካላችሁ ግን፣ መጽሐፉን መሃል ላይ ዘግታችሁ ተዉት። ማንም ለፈተና አላዘዘውም።