ጥያቄና መልስ፦ የሥጋ ድስትና የጎረቤት ኅሊና

ስለ መብልና ስለ ወንድም ኅሊና የሚናገሩትን ሮሜ 14ን እና 1ኛ ቆሮንቶስ 8–10ን ያላነበበ መጀመሪያ ያንብብ፤ የምንነጋገረው ከዚያ ተነሥተን ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ መምህር፣ እኛ ወንጌላውያን ነን። ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ በራችን ከኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ጋር ፊት ለፊት ነው። በዓቢይ ጾም ሥጋ መሥራት እንተው?

መምህር፦ ቤታችሁ ብሉ እህቴ፤ መብል ወደ እግዚአብሔር አያቀርብም፣ አያርቅምም። በሩን ዝጊ፤ በኮሚናሉ በግ ማረድ ግን ለፋሲካ ይቆይ። ዋናው ነገር እሳቸውን ስትጠሪ ነው። በእነዚያ 55 ቀናት ብዙዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱምና ረፋድ ላይ ቡና አትጥሪያቸው። ወጡ በዘይት ይሁን። የእንጨት ማማሰያ ቅቤ ይመጥጣል፣ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም፤ ለጾም ሌላ ይኑርሽ። ዳቦው ወተት ወይም እንቁላል ከገባበት ሳትናገሪ አታቅርቢ። ከሁሉ የከፋው «በሞቴ» እያሉ ማጉረስ ነው። ሰው በይሉኝታ ይውጣል፣ ኅሊናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይወቅሰዋል። ሮሜ 14፥23 የሚለው ይህንኑ ነው፤ እየተጠራጠረ የበላ ተኰነነ።

ከገላን፦ እኔ ጿሚ ነኝ። ታዲያ ሮሜ 14፥1 «በእምነት የደከመው» የሚለው እኛን ነው ማለት ነው?

ከአያት፦ ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ በግልጽ ተቃውሞታል፣ ገላትያ 2። ለሰው ሥርዓት መሸነፍ ግብዝነት ነው።

ከገላን፦ ማን ተሸነፉ አላችሁ? ማማሰያ ቀይሩ ነው የተባለው!

መምህር፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ጴጥሮስ የተገሠጸው ከአሕዛብ ማዕድ ስለሸሸ ነው። ጳውሎስ ራሱ ለአይሁድ ሲል ጢሞቴዎስን ገርዞታል፤ ቲቶን ግን አላስገረዘም፤ እዚያ ግርዘት የመዳን ግዴታ ተደርጎ ስለመጣ። ልዩነቱን ያዙ፤ ለወንድም ሲባል መተው ሌላ፣ ለመዳን ግድ ነው ሲሉ እሺ ማለት ሌላ። የገላኑ ወንድሜ፣ ደካማው አንተ አይደለህም። የሮሜ 14 ደካማ መብሉን ርኩስ ነው ብሎ የሚፈራ ነው። በፋሲካ ዶሮ የሚሠራ ጿሚ ሥጋን ለጊዜው ተወው እንጂ ርኩስ አላለውም። ስለዚህ «ደካማ» እያላችሁ በጎረቤት ላይ አትለጥፉ። ቁጥር 3 ግን ለሁላችንም ነው፤ የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላም በሚበላው አይፍረድ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ሙስሊም ጎረቤታችን ለኢድ ሲጠሩንስ?

መምህር፦ እርዳቸው የጣዖት መሥዋዕት አይደለም። ኅሊናህ ከፈቀደ ብላ፤ ካልፈቀደ ዳቦውንና ሻዩን በደስታ ተቀበል። አብሮህ የሄደው ወንድም «ይህ ያስቸግረኛል» ካለ አንተም ሥጋውን ተው። እሳቸውን ስትጠራ ደግሞ ዶሮውን ራሳቸው ይረዱት።

ከለቡ፦ ቢራ ይቻላል?

መምህር፦ የት? ከማን ጋር? ሳይነገረኝ አልመልስም። መጠጥ ለመተው የሚታገል ሰው ባለበት ማዕድ ግን አይቀዳም።

ከሰንዳፋ፦ በጠቅላላው ሰው ላለማሰናከል ምን ይደረግ?

መምህር፦ «በጠቅላላው» መልስ የለውም። ሰውየውን ንገረኝ።

ከለቡ፦ ሱሪ በመልበሴ የሚናደዱ አሉ፤ እየተሰናከሉ ነው?

መምህር፦ መናደድ መሰናከል አይደለም። መሰናከል አንቺን አይቶ ኅሊናው የከለከለውን ሲያደርግ ነው፣ 1ኛ ቆሮ. 8፥10። ስለ ሱሪ ሌላ ቀን።

ከኮዬ ፈጬ፦ ብረት ድስቱስ መምህር?

መምህር፦ በፈላ ውሃና በሳሙና ይለቃል። ግን ጎረቤትሽን አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። አይሆንም ካሉ አትከራከሪ፤ ሽሮውን በራሳቸው ድስት ሥሪላቸው።